ድንበርና ማንነት፦ ከህንድ ክፍለ አህጉር ምን እንማራለን?



በዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ በማታው ክፍል ተማሪዎች ደጋግመው የጠየቁን ነው። ጥያቄው አጭር ነው፤ «እዚህ ሱዳን ውስጥ የተወለደ ልጅ ማን ነው?» የሚል ነው። አንዱ ሐበሻ ነው ይላል፤ ሌላው ስደተኛ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ የአባቱ ብሔረሰብ ሳይነገረን እንዴት እንመልሳለን ይላል። ከዚያ ወሬው ወደ ድንበር፣ ከድንበርም ወደ ጦርነት ይሄድና ድምፅ ከፍ ይላል፤ ደብተሩ ተዘግቶ ክፍሉ የሚበተንበት ማታም አለ። ስለዚህ ነገሩን ከራሳችን ትንሽ አርቀን በሌሎች ሕዝቦች ላይ ብናየው ይሻላል ብለን የህንድን ክፍለ አህጉር፣ ማለትም ህንድን፣ ፓኪስታንንና ባንግላዴሽን መረጥን። ታሪኩ እንደሚመስለው ከእኛ የራቀ አይደለም፤ ገላባት ድረስ መጥቶ ነበርና። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ወንዙና መስመሩ

ሾዋክን የሚያውቅ ሁሉ አትባራን ያውቃል። አትባራ የምንለው ወንዝ ከጎንደር በስተምዕራብ ሲነሣ ስሙ ጓንግ ነው። ከሾዋክ ወደ ላይ የሚቀላቀለው ሰቲት ደግሞ ባገራችን ተከዜ ይባላል። ወንዙ ተስሪሕ ሳያወጣ ይሻገራል፤ ሲሻገር ግን ስሙን ይቀይራል። ኬላ ላይ ስሙ በዐረብኛ ተጽፎ ሲመለስለት ሌላ ሰው የሆነበት ስደተኛ ይህን ሳይረዳው አይቀርም።

መስመሩ የተሰመረው እንዲህ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዙ ተወካይ ከሐሪንግተን ጋር በሜይ 15 ቀን 1902 አዲስ አበባ ላይ ውል ተፈራረሙ። በተከታዩ ዓመት ቻርልስ ግዊን የተባለ የእንግሊዝ የመሐንዲስ ክፍል መኮንን በመሬቱ ላይ ምልክት አደረገ። የኢትዮጵያ መንግሥታት ከዚያ ወዲህ በተከታታይ ያነሡት ቅሬታ ምልክቱ ሲደረግ የእኛ ተወካይ አብሮ አልነበረም የሚል ነው። በ1972 ሁለቱ መንግሥታት በደብዳቤ ልውውጥ መስመሩን ከተወሰነ ማስተካከያ ጋር ለመቀበል ተስማሙ፤ ይሁን እንጂ በመሬት ላይ ምልክት የማድረጉ ሥራ ሳይጠናቀቅ ቀረ። በዲሴምበር 2020 የሱዳን ጦር ወደ አልፋሽቃ ሲገባ የሁለቱም አገር ገበሬ ስለ ግዊን ሲናገር ሰማን። ግዊን ግን ሰሊጥ ዘርቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። መሬቱ የማን ነው የሚለውን እዚህ አንዳኝም፤ ምክንያቱን ወደ ታች እንነግራችኋለን።

ከመስመሩ በፊት እዚህ የነበረው ሰው ማን ነበር? በ1861 እና በ1862 በአትባራና በሰቲት ዳር የተዘዋወረው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ገላባትን ሲጎበኝ በአካባቢው የሚኖሩት ተክሩሮች መሆናቸውን ጽፏል። ተክሩሮች ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ወደ መካ ለሐጅ ሲጓዙ በመንገድ የቀሩ ሙስሊሞች ናቸው። ገበያቸው የሐበሻን ቡና፣ ሰምና ፈረስ ከሱዳን ጥጥና ጨርቅ ጋር ያገናኝ ነበር። ለጎንደር ንጉሥም ለሱዳን ገዥም ግብር የከፈሉበት ጊዜ አለ። እንግዲህ «የገላባት ጥንታዊ ባለቤት ማን ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ «ከቻድ ማዶ በእግሩ የመጣ ተሳላሚ» ሊሆን ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በማርች 1889 እዚያው መተማ ላይ ከማህዲስቶች ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ያ ጦርነት ለኢትዮጵያዊውም ለሱዳናዊውም የየራሱ ታሪክ ነው፤ ለተክሩሩ ግን ቤቱ የተቃጠለበት ዘመን ነው።

ህንዶች በገላባት

በጁላይ 1940 ኢጣልያኖች ገላባትንና ከሰላን ያዙ። በኖቬምበር 6 ቀን 1940 ገላባትን መልሶ ለመያዝ የዘመተው በኋላ ፊልድ ማርሻል የሆነው ዊልያም ስሊም ሲሆን፣ ይመራው የነበረው ጦር 10ኛው የህንድ ብርጌድ ነበር። ብርጌዱ አንድ የእንግሊዝ ሻለቃና ሁለት የህንድ ሻለቆች ነበሩት፤ ሁለቱም ከባሉችና ከጋርዋል ሬጅመንቶች የመጡ ናቸው። ምሽጉን ያዙት፤ በአውሮፕላን ድብደባው ብርታት ግን መልቀቅ ግድ ሆነባቸው። ኢጣልያኖች በጃንዋሪ 1941 መጨረሻ ለቀው ሲወጡ የመተማን የጎንደር መንገድ በፈንጂ ሞልተውት ሄዱ። ፈንጂውን የለቀመው ክፍል አለቃ ፕሪሚንድራ ሲንግ ባጋት የተባለ ወጣት ህንዳዊ መሐንዲስ ነበር። በጥቂት ቀናት ውስጥ 15 የፈንጂ ቦታዎችን ሲያጸዳ የተቀመጠበት ተሽከርካሪ ከአንድ ጊዜ በላይ ፈንድቶበታል፤ የጆሮው ታምቡርም ተበሳ። ሥራውን ለሌላ እንዲተው ቢጠየቅ እምቢ አለ። ለዚህም የእንግሊዝን ትልቁን የጀግንነት ሜዳይ፣ ቪክቶሪያ ክሮስን ተሸለመ። ያ መንገድ ዛሬ በእኛ እግር፣ በሎሪና በአውቶቡስ የተመላለስንበት የመተማ መንገድ መሆኑ ነው። በእነዚያው ቀናት አፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ስደታቸው በኦሜድላ በኩል ገብተው ወደ ጎጃም እያመሩ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እናስተውል። በገላባት ኮረብታ ሥር ጎን ለጎን የተኙት የባሉችና የጋርዋል ወታደሮች፣ ሙስሊምም ሂንዱም፣ ያን ጊዜ ሁሉም «የህንድ ወታደር» ይባሉ ነበር። ሰባት ዓመት ሳይሞላ አገሩ ለሁለት ተከፈለ። ባሉች ሬጅመንት ለፓኪስታን ደረሰ፤ ጋርዋል ለህንድ። በዚያው በ1947 ዓመተ ምሕረት ሁለቱ አዳዲስ አገሮች በካሽሚር ምክንያት ጦር ተማዘዙ። በከረን ጦርነት የሞቱት ግን አሁንም አብረው አሉ፤ ሂንዱዎቹና ሲኮቹ እንደ ሃይማኖታቸው ሥርዓት በእሳት ስለተቃጠሉ ስማቸው የተጻፈበት መታሰቢያ እዚያው በጦር ሰፈሩ መቃብር ውስጥ ቆሞላቸዋል።

የአምስት ሳምንት ድንበር

የህንድን ድንበር የከፈለው ሲሪል ራድክሊፍ የሚባል የሕግ ሰው ነው። ከዚያ በፊት ህንድን ረግጦ አያውቅም። በጁላይ 8 ቀን 1947 ደረሰ፤ የተሰጠው ጊዜ አምስት ሳምንት ያህል ነበር። ነጻነቱ በኦገስት 14 እና 15 ታወጀ፤ መስመሩ የታወቀው ግን በ17ኛው ቀን ነው። ሰው ነጻ ወጣ ተብሎ ሲጨፍር በየትኛው አገር ውስጥ እንዳለ የማያውቅበት ሁለት ቀን ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ቤቱን ለቆ ወደ አንዱ ወይም ወደ ሌላው ወገን ተሰደደ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብም ተገደለ።

የመስመሩ እንግዳ ነገር በምሥራቅ በኩል ይብሳል። ከጥንት መሳፍንት ዘመን የተረፉ ቁርጥራጭ መሬቶች በሌላው አገር ሆድ ውስጥ ደሴት ሆነው ቀሩ፤ ብዛታቸው 162 ነበር። እዚያ የሚኖር ገበሬ ሐኪም ቤት ለመሄድ እንኳ የውጭ አገር ድንበር መሻገር ነበረበት፤ የመታወቂያ ወረቀት የሚሰጠው መንግሥትም አልነበረውም። ህንድና ባንግላዴሽ በጁላይ 31 ቀን 2015 እኩለ ሌሊት ላይ መሬቶቹን ተለዋወጡ፤ ነዋሪው ዜግነቱን እንዲመርጥ ተጠየቀ። አብዛኛው ከቆመበት ሳይነቃነቅ፣ ቤቱ ያለበትን አገር ዜግነት መረጠ። ከሃምሳ ሺህ ሰው በላይ የነካ ጥያቄ ያለ ጥይት ተፈታ፤ ግን 68 ዓመት ፈጅቷል።

እኛ ዘንድም ከዚህ የሚቀራረብ አለ። ኤርትራ በ1993 በሕዝበ ውሳኔ ነጻ ከሆነች በኋላ፣ በ1998 ጦርነት ሲነሣ ሁለቱም መንግሥታት የሌላውን ተወላጅ አባረሩ። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ ተለያዩ። የኢሮብ ሕዝብ መንደሮች በሁለት ጦር መካከል ወደቁ። ከዚህ ካምፕ ውስጥ አባቱ ኤርትራዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት የሆነ ልጅ ፈልጋችሁ ብትጠይቁት ከእኛ የበለጠ ያስተምራችኋል።

ጄኔቫ የሚባል ካምፕ

አሁን ለእኛ ለካምፕ ነዋሪዎች በጣም ወደሚቀርበው ታሪክ እንለፍ። በ1947 ከህንድ ከቢሃር ክፍለ ሀገር ብዙ ኡርዱ ተናጋሪ ሙስሊሞች ወደ ምሥራቅ ፓኪስታን ተሰደዱ። በ1971 ያ አገር ባንግላዴሽ ሆኖ ነጻ ሲወጣ በጦርነቱ ጊዜ ከፓኪስታን ጋር ወግናችኋል ተብለው ተጠሉ፤ ከእነርሱ መካከል የወገኑም ያልወገኑም ነበሩ። ፓኪስታን የተወሰኑትን ብቻ ተቀበለች። የቀሩት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በየከተማው በካምፕ ተጠለሉ። ከሁሉ ትልቁ በዳካ ከተማ መሐመድፑር ሠፈር የሚገኘው ሲሆን «ጄኔቫ ካምፕ» ይባላል፤ ቀይ መስቀል የረዳቸው ስለነበር ነው ስሙ። አንድ ክፍል ለአንድ ቤተሰብ፣ በሠልፍ የሚገባበት መጸዳጃ፣ ለሥራ ሲጠየቅ የሚደበቅ አድራሻ፤ ይህን ለእናንተ ማብራራት አያስፈልገንም።

በካምፑ ውስጥ ለዓመታት ትልቅ ክርክር ነበር። ሽማግሌዎቹ «እኛ ፓኪስታናውያን ነን፤ እስክንወሰድ እንጠብቃለን» ይሉ ነበር፤ በዚህም ዓላማ ኮሚቴ አቋቁመው ሰልፍ ያደርጉ ነበር። በካምፑ የተወለዱት ወጣቶች ደግሞ «ፓኪስታንን አይተን አናውቅም፤ የተወለድንበት አገር ዜጎች ነን፤ ቤንጋሊኛም እንናገራለን» አሉ። ወጣቶቹ አባቶቻችንን ከዱ ተባሉ፤ ሽማግሌዎቹም ልጆቻቸውን ለሕልም የሸጡ ተባሉ። በመጨረሻ የካምፕ ነዋሪዎች ራሳቸው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በሜይ 2008 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ዜጎች ናቸው፣ በመራጭነት ይመዝገቡ፣ መታወቂያም ይሰጣቸው ሲል ወሰነ። 37 ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። ካምፑ ግን ዛሬም አለ፤ መታወቂያ ቤት አይሆንምና።

ከዚህ ታሪክ እኛ የምንይዘው ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያው፣ ዜጋ ለመሆን ኡርዱ መናገራቸውን መተው አላስፈለጋቸውም፤ ዜግነትና ቋንቋ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ባንድ ሰው ላይ ተቀመጡ። ሁለተኛው፣ ወረቀት የሌለው ሰው ክርክሩን ቢያሸንፍም ምንም አያገኝም።

ስለ ወረቀቱ በግልጽ እንናገር። በሱዳን ሕግ እዚህ መወለድ ብቻውን ሱዳናዊ አያደርግም፤ ዜግነት በዋነኛነት በዘር የሚወረስ ነው። በኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 (ይህ ቁጥር በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት ደግሞ ከወላጆቹ አንዱ ወይም ሁለቱም ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው የትም ይወለድ የት በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነው። ስለዚህ ለተማሪዎቻችን ጥያቄ የሕጉ መልስ ይህ ነው። ነገር ግን ልጁ የማን ልጅ እንደሆነ የሚያስረዳ ወረቀት ከሌለው ሕጉ መጽሐፍ ውስጥ ይቀራል። ክሊኒክ ውስጥ የተወለደ ልጅ የሚሰጠውን የልደት ማስረጃ አታስቀሩ፤ በራኩባ ሥር በአዋላጅ እጅ የተወለደም ቢሆን ጊዜ ሳያልፍ አስመዝግቡ። ስሙን በላቲንም በዐረብኛም አንድ ዓይነት አድርጋችሁ አስጽፉ። «ገብረ» አንድ ቦታ ላይ ተጣብቆ፣ ሌላ ቦታ ላይ ተለያይቶ፣ ሦስተኛው ላይ «ጀብራ» ሆኖ ብዙ ወንድማማቾች በወረቀት ላይ ባዳ ሆነው አይተናል።

ሌሎች የሚሰጡን ስም

ገዳሪፍ ሱቅ ስንገባ ሁላችንም «ሐበሺ» ነን። ትግራዋይ ሁን፣ አማራ ሁን፣ ቅማንት ሁን፣ ኦሮሞ ሁን፣ ባለሱቁ አይለይህም። ለንደን ከተማ ውስጥም «የህንድ ምግብ ቤት» የሚባሉት በብዛት የተከፈቱት በባንግላዴሽ የሲልሄት ተወላጆች ነው፤ እንግሊዙ የሚያውቀው ህንድ የሚለውን ስም ስለሆነ ተስማሙበት። የተሰጠ ስም ሁልጊዜ ስድብ አይደለም። ባዕድ አገር ላይ አንድ ምጣድ፣ አንድ ዕድር፣ አንድ የለቅሶ ድንኳን የሚሆነው በዚህ ስም ነው። ችግሩ የሚመጣው አንዱ ወገን «ሐበሻ ማለት እኔ ነኝ» ብሎ ሌላውን ሲያስቆጥር ነው።

በፓኪስታን የሆነውም ይኸው ነው። መሥራቹ መሐመድ ዓሊ ጂና በማርች 1948 ዳካ ላይ ተገኝተው የአገሪቱ ቋንቋ ኡርዱ ብቻ ነው አሉ። ከሕዝቡ የሚበዛው ግን ቤንጋሊኛ ተናጋሪ ነበር። ሐሳባቸው አገሪቱን አንድ ማድረግ ነበር። በፌብሩዋሪ 21 ቀን 1952 ቋንቋችን ይታወቅልን ብለው የወጡ ተማሪዎች በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ኡርዱን ያህል ቦታ ለመስጠት አራት ዓመት ብቻ ፈጀ፤ በ1956 ሕገ መንግሥት ሁለቱም የመንግሥት ቋንቋ ሆኑ። ቁስሉ ግን አልዳነም፤ ከ19 ዓመት በኋላ አገሩ ተገነጠለ። ዩኔስኮ በ1999 ያን ቀን የዓለም የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን እንዲሆን ወሰነ።

ሳይጣሉ መከራከር

ክርክር ለእኛም ለህንዶችም አዲስ አይደለም። የሞጎሉ ንጉሥ አክበር በ1575 በፋቲፑር ሲክሪ የክርክር ቤት ሠርቶ ሱኒና ሺዓ፣ ሂንዱና ጃይን፣ ኋላም ከጎዋ የመጡ የካቶሊክ ካህናት ፊቱ እንዲከራከሩ ያደርግ ነበር። በእኛ ታሪክ በ1878 በቦሩ ሜዳ የተደረገው የሃይማኖት ጉባኤ አለ፤ ግን ጉባኤው ሲያበቃ አንዱ ትምህርት ብቻ ተፈቀደ፣ የወሎ ሙስሊሞችም ክርስትና እንዲነሡ ታዘዙ። የተሸናፊው ዕጣ አስቀድሞ የታወቀበት ክርክር፣ በእኛ አስተያየት፣ ክርክር ሊባል አይገባውም። የህንድ ሕገ መንግሥት አርቃቂ ጉባኤ ከዲሴምበር 1946 እስከ ኖቬምበር 1949፣ ውጭ ሰው እየተገደለ እንኳ፣ ሳያቋርጥ ተከራክሯል። ስለ ቋንቋ በተነሣው የመስከረም 1949 ክርክር ማንም ሙሉ በሙሉ አላሸነፈም፤ ሂንዲ የመንግሥት ቋንቋ ይሁን፣ እንግሊዝኛም ለ15 ዓመት ይቆይ ተባለ። ጊዜው ሲደርስ ታሚሎች ተቆጡ፤ እንግሊዝኛ እስከ ዛሬ አለ። ያላለቀ ስምምነት ነው፤ ግን አገር አላፈረሰም።

ለመንደር ክርክር ደግሞ የራሳችን ሥርዓት አለን። በበላ ልበልሃ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት ቆመው በተራ ይናገራሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፤ ነገሩን በቃል ውበት ያስረዳል እንጂ የሰውየውን እናት አያነሣም። ሰንፎ የተረታ ውርርዱን ይከፍልና ቤቱ ይገባል። ዛሬ በስልክ የሚላክ የድምፅ መልእክት እንደዚህ ዳኛ የለውም፤ ማን እንደተናገረው፣ መቼ እንደተናገረው ሳይታወቅ በአንድ ማታ ካምፑን ያዞራል።

ወሰኑንም ማወቅ አለብን። ሱዳንም ኢትዮጵያም በተቀበሉት በ1969 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 3 መሠረት ስደተኛ በአባል አገሮች መካከል ውጥረት የሚያስነሣ ተግባር በመሣሪያ፣ በጋዜጣ ወይም በሬዲዮ እንዳይፈጽም መንግሥታቱ የመከልከል ግዴታ አለባቸው። አልፋሽቃ የማን ነው የሚለውን ያልዳኘነው በዚህ ምክንያት ነው። ስምምነቱ ግን ሌላም ነገር ይላል፤ ጥገኝነት መስጠት ሰላማዊና ሰብአዊ ተግባር ስለሆነ የትኛውም መንግሥት እንደ ጠላትነት ሊያየው አይገባም ይላል። ይህን ለሁለቱም ወገን ማስታወስ ተገቢ ነው። ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ከ60 ሺህ በላይ የእኛ ሰዎች በሐምዳዬትና በሉግዲ በኩል ሲሻገሩ የተቀበለን የሱዳን ገበሬ ነው። በኤፕሪል 2023 ካርቱም ስትነድ ደግሞ ሱዳናውያን በመተማ በኩል ወደ እኛ አገር ገቡ፤ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ታጣቂዎች እየዘረፉ ስላስቸገሯቸው በሜይ 2024 ብዙዎቹ ለቀው ወጥተው በመንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ሰነበቱ። እዚህ የሚደርስብንን ስንቆጥር ያንንም አብረን መቁጠር ይገባናል።

የሚቀጥለው ወር የማታው ክፍል ክርክር ርዕስ «ልጆቻችን በዐረብኛ ይማሩ ወይስ በአገራቸው ቋንቋ?» የሚል ነው። የእኛን ሐሳብ አንደብቅም፤ ዐረብኛው ለገበያ፣ ለሐኪም ቤትና ለጎረቤት ያስፈልጋል፣ ማንበብና መቁጠር ግን ልጁ በሚያልምበት ቋንቋ ቢጀመር ይሻላል እንላለን። ዐረብኛ የማይችል ልጅ እዚህ አገር ሁልጊዜ አስተርጓሚ ይዞ ይኖራል የሚሉ ወላጆች አሉ፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። በሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ሰው ይናገራል፤ ከሁለቱ አንዷ ሴት ትሆናለች። ተናጋሪው የራሱን ሐሳብ ከመጀመሩ በፊት የተቃዋሚውን ሐሳብ ተቃዋሚው «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ መድገም ይኖርበታል። የአገርና የብሔረሰብ ስም ጠርቶ የሰደበ ተራው ያልፈዋል። ጎረቤት ያሉ ሱዳናውያን አስተማሪዎችም ተጋብዘዋል፤ የሚነገረው ወደ ዐረብኛ ይተረጎምላቸዋል። መናገር የምትፈልጉ ስማችሁን ለማታው ክፍል አስተማሪዎች አስመዝግቡ። አግዳሚው ስለማይበቃ በርጩማ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።